የጌዴዎን ጉዳይ፦ ፈሪ ሰው እንዴት መሪ ሆኖ ተመረጠ?

ከእስራኤል መሳፍንት አንዱ ስለሆነው ስለ ጌዴዎን የሚሰበከው ስብከት ብዙ ጊዜ በ300 ሰዎች ድል ያደረገበት ሌሊት ላይ ይቆማል። ማሰሮው ይሰበራል፣ ችቦው ይበራል፣ ጠላት ይሸሻል፣ ሰዉ "አሜን" ብሎ ይበተናል። ታሪኩ ግን እዚያ አያልቅም። መጽሐፈ መሳፍንት ከምዕራፍ 6 እስከ 8 ድረስ ስለዚህ ሰው ይናገራል። ምዕራፍ 9 ደግሞ የልጁ ጉዳይ ነው። ከመሳፍንቱ መካከል ይህን ያህል ቦታ የተሰጣቸው ጥቂቶች ናቸው።

አራቱን ምዕራፎች ሳልቆራርጥ፣ እንደ አንድ ጉዳይ ሳነባቸው አንድ ነገር በጣም ይይዘኛል። እግዚአብሔር የመረጠው ፈሪ ሰው ነው። ከመረጠው በኋላም ፍርሃቱን ባንድ ቀን አላጠፋለትም። ጌዴዎን እየፈራና እየጠየቀ በሄደበት ጊዜ ሁሉ መንገዱ ቀና። ነገሩ የተበላሸው መጠየቁን ሲተው ነው። ይህን ከራሱ ከታሪኩ ለማሳየት እሞክራለሁ።

አገሩ ምን ላይ ነበር

ከጌዴዎን በፊት ዲቦራና ባርቅ ሲሣራን ድል ነሥተው ምድሪቱ 40 ዓመት አርፋ ነበር። ከዚያ ሕዝቡ ወደ በኣል ዞረ። 7 የመከራ ዓመታት ተከተሉ።

መከራው የመጣው ከምድያም ነው። ምድያማውያን ከአቃባ ባሕረ ሰላጤ ማዶ፣ በሰሜን ምዕራብ ዓረቢያ የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ። ከአማሌቃውያንና ከሌሎች የምሥራቅ ሰዎች ጋር ሆነው ዮርዳኖስን ይሻገራሉ። መጽሐፉ ሹም ሾሙ፣ ከተማ ሠሩ አይልም። የሚመጡት አዝመራ ሊበሉ ነው። እስራኤል ዘር ሲዘራ እነሱ ከነድንኳናቸው፣ ከነከብታቸው ይወጣሉ። ብዛታቸው እንደ አንበጣ ነው፤ ግመላቸውም አይቆጠርም። እስከ ጋዛ ድረስ ያለውን ያጠፋሉ። በግ፣ በሬ፣ አህያ አያስቀሩም።

ሰዉ ምን አደረገ? ተራራ ላይ ወጣ። ዋሻና ጉድጓድ ቆፍሮ ገባ። እርሻው ያለው ሜዳ ላይ፣ ሰዉ ያለው ገደል ውስጥ። በተለይ የኢይዝራኤል ሸለቆ ለም የስንዴ ምድር ነው፤ ከምሥራቅ በኩል ደግሞ ወደ ዮርዳኖስ የተከፈተ ነው። ግመል ለያዘ ወራሪ ከዚህ የተመቸ በር የለም። ሰው ባንድ ዓመት ዘረፋ ይጎዳል እንጂ ተስፋ አይቆርጥም። ሰባት ጊዜ ዘርቶ ሰባት ጊዜ ሌላ ሲበላው ግን ልቡ ይሰበራል።

በመጨረሻ ወደ እግዚአብሔር ጮኹ። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን ዘለን የምናልፈው ነገር አለ። መጀመሪያ የተላከላቸው አዳኝ አይደለም። ስሙ ያልተጠቀሰ አንድ ነቢይ ነው። መጥቶ ወቀሳቸው፤ "ከግብፅ አወጣኋችሁ፣ የአሞራውያንን አማልክት አትፍሩ አልኋችሁ፣ እናንተ ግን አልሰማችሁም" አላቸው። ወቀሳው ላይ አበቃ። ስለ መዳን አንድ ቃል አልጨመረም። ምርጫው የመጣው ከዚህ ወቀሳ በኋላ ነው።

የተመረጠው ሰው

ቦታው ዖፍራ ይባላል። የምናሴ ነገድ የሆነው የአቢዔዝር ወገን መንደር ነው። የኢዮአስ ልጅ ጌዴዎን ስንዴ እየወቃ ነው። የሚወቃው ግን አውድማ ላይ አይደለም፤ የወይን መጥመቂያ ውስጥ ነው።

አውድማ ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። አውድማ ነፋስ በሚያገኝ ክፍት ቦታ ላይ ይበጃል። በሬ ይሽከረከርበታል። እህሉ ወደ ላይ ሲበተን ገለባው ከሩቅ ይታያል። የወይን መጥመቂያ ደግሞ አለት ውስጥ የተፈለፈለ ጉድጓድ ነው። በሬ አይገባበትም። ነፋስ አያገኝም። እህሉን በዱላ እየደበደቡ፣ ጎንበስ ብለው፣ አቧራውን እየዋጡ መሥራት ነው። በዚህ መንገድ የሚወቃው ትንሽ ነው፤ ምድያማዊ ግን አያየውም። ጌዴዎን ብልህ ነው። ደግሞም ፈርቷል። ሁለቱም እውነት ነው።

መልአኩ መጥቶ ከዛፉ ሥር ተቀመጠና "አንተ ጽኑዕ ኃያል ሰው፥ እግዚአብሔር ከአንተ ጋር ነው" አለው። ተደብቆ እህል ለሚወቃ ሰው!

ጌዴዎን አልተሽኮረመመም። ቀጥታ ጥያቄ አነሣ። "ጌታ ሆይ፥ እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ከሆነ ይህ ነገር ሁሉ ለምን ደረሰብን?" አለ። አባቶቻችን የነገሩን ተአምራት የት አሉ? ከግብፅ ያወጣን አምላክ አሁን ጥሎናል አለ። ይህ የከሐዲ ንግግር አይመስለኝም። የሚክድ ሰው አይከራከርም። ይህ የአባቶቹን ታሪክ አምኖ፣ ያመነው ነገር ለምን በዓይኑ እንደማይታይ የሚያቃጥለው ሰው ነው።

መልሱ ደግሞ ይገርማል። ለምን የሚለው ጥያቄ አልተመለሰለትም። ነቢዩ አስቀድሞ መልሶታል። ጌዴዎን የተሰጠው ሥራ ነው፤ "በዚህ በጉልበትህ ሂድ፥ እስራኤልንም ከምድያም እጅ አድን" ተባለ። የትኛው ጉልበት? እኔ እንደማነበው ያ ንዴቱ፣ ያ ጥያቄው፣ ሌላው ዋሻ ገብቶ ሲቀመጥ እሱ ግን ጉድጓድ ውስጥም ሆኖ ስንዴ መውቃቱ ነው። ከዚህ ሌላ በእጁ የነበረ ነገር አላይም።

ጌዴዎን ግን አልተቀበለም። ወገኔ በምናሴ ነገድ የሁሉ ታናሽ ነው፣ እኔም በአባቴ ቤት የሁሉ ታናሽ ነኝ አለ።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ጌዴዎን ራሱን እንደ ድሃ ያቀርባል፤ ሰባኪዎችም እንደዚያው ይዘውት ይሄዳሉ። ታሪኩን በጥሞና ያነበበ ግን ሌላ ነገር ያያል። ለእንግዳው አንድ የፍየል ጠቦት አረደ። ከአንድ ኢፍ ዱቄት ቂጣ ጋገረ። ኢፍ ከ20 ሊትር በላይ የሚይዝ መስፈሪያ ነው። በ7 ዓመት ዘረፋ ማግስት ይህን ያህል ዱቄት ለአንድ እንግዳ! በአባቱ ግቢ ሁለት ወይፈኖች አሉ። ሌሊት ሲወጣ 10 አገልጋዮች ይዞ ነው የወጣው። በኋላም የምድያም ነገሥታት ስለ ወንድሞቹ ሲጠየቁ፣ አንተን ይመስሉ ነበር፣ እያንዳንዳቸው የንጉሥ ልጅ ይመስሉ ነበር ብለዋል።

ስለዚህ ጌዴዎንን የማይጠበቅ መሪ ያደረገው የኪስ ጉዳይ አይደለም። ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ፍርሃቱ። ሁለተኛው፣ ከሁሉ የሚከብደው፣ ቤቱ ነው። እግዚአብሔርን ሊያገለግል የተጠራው ሰው የሚኖረው የበኣል መሠዊያ ያለበት ግቢ ውስጥ ነው። የመንደሩ ጣዖት የሚገኘው የገዛ አባቱ ቤት ነው። ነቢዩ የወቀሰው ኃጢአት እዚያው ደጃፉ ላይ ቆሟል። አንድ ኮሚቴ ተሰብስቦ ከበኣል አምልኮ ነፃ የሚያወጣን ሰው እንምረጥ ቢል፣ የኢዮአስን ልጅ ከዝርዝሩ ላይ መጀመሪያ ይሰርዘው ነበር።

የመጀመሪያው ትእዛዝ

ያንኑ ሌሊት የመጣው ትእዛዝ ስለ ምድያም አልነበረም። የአባትህን በሬ ውሰድ፣ ሰባት ዓመት የሆነውንም ሁለተኛውን ወይፈን ውሰድ ተባለ። የአባትህን የበኣል መሠዊያ አፍርስ። በአጠገቡ ያለውን የማምለኪያ ዐፀድ ቁረጥ። በእንጨቱ እሳት አንድድና ወይፈኑን ለእግዚአብሔር ሠዋ።

የወይፈኑ ዕድሜ የመከራው ዓመታት ያህል ነው። መከራው ሲጀምር የተወለደ ከብት ነው ማለት ነው። ምድያማውያን በሬ አያስቀሩም ነበር፤ እሱ ግን እስከዚያ ቀን ተርፏል። ቤተሰቡ ያን ከብት እንዴት እንዳተረፈው መገመት ይቻላል። አሁን ያ ይታረድ ተባለ።

ጌዴዎን ታዘዘ። ግን ቀን ላይ አይደለም። መጽሐፉ ሳይሸፋፍን ምክንያቱን ይነግረናል። የአባቱን ቤት ሰዎችና የከተማውን ሰዎች ስለ ፈራ ሌሊት አደረገው ይላል። ይህን ዐረፍተ ነገር በጣም እወደዋለሁ። መታዘዙና መፍራቱ አንድ ላይ ተጽፈዋል። ለምን ቀን አላደረግኸውም የሚል ቁጣ ከሰማይ አልመጣም። መሠዊያው ፈርሷል፤ ሌሊት መፍረሱ አልተቆጠረበትም።

ሲነጋ ከተማው ተናወጠ። ሰዎቹ ጠይቀው አጣሩና ኢዮአስን ልጅህን አውጣ፣ ይሙት አሉት። ኢዮአስ ያልተጠበቀ ነገር አደረገ። ለበኣል እናንተ ትሟገቱለታላችሁን? አምላክ ከሆነ መሠዊያውን ላፈረሰበት ለራሱ ይሟገት አላቸው። መሠዊያው የራሱ ነበር፤ የታረደውም ወይፈን የራሱ ነበር። ግን ከልጁ ጎን ቆመ። ልጁ በሌሊት የወሰደው እርምጃ አባቱን በቀን እንዲናገር አደፋፈረው። ጌዴዎንም ከዚያ ቀን ጀምሮ ይሩበኣል፣ በኣል ይሟገተው ማለት ነው፣ ተባለ።

ይህ ስም ከ3 ሺህ ዓመት በኋላ ዜና ሆኗል። በደቡብ እስራኤል ቂርያት ጋት አጠገብ ኪርቤት አር ራኢ በሚባል ቦታ ላይ ቁፋሮ ተደርጎ፣ ይሩበኣል የሚል ስም በቀለም የተጻፈበት የትንሽ እንስራ ስባሪ ተገኘ፤ ውጤቱ ይፋ የሆነው በፈረንጆች 2021 ነው። ስባሪው ከክርስቶስ ልደት በፊት 1100 ገደማ የተጻፈ ነው ተብሏል። የጌዴዎን ንብረት ነው ማለት አይቻልም፤ ተመራማሪዎቹም አላሉም። ቦታው ከኢይዝራኤል ሸለቆ ሩቅ ነው። ግን መጽሐፈ መሳፍንት በሚተርክበት ዘመን አካባቢ ሰው በዚህ ስም ይጠራ እንደነበር ያሳያል። ለእኔ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የበግ ጠጉሩ

ምድያማውያን ዮርዳኖስን ተሻግረው ኢይዝራኤል ሸለቆ ውስጥ ሰፈሩ። መንፈስ በጌዴዎን ላይ ወረደ። ቀንደ መለከት ነፋ። የአቢዔዝር ሰዎች ተከተሉት። ትናንት ይሙት ያሉት ሰዎች ከእነዚህ ውስጥ እንደሚኖሩ አስቡት። ከምናሴ፣ ከአሴር፣ ከዛብሎን፣ ከንፍታሌምም ሰው መጣ።

ይህን ሁሉ ሰው ሰብስቦ ደግሞ ምልክት ጠየቀ። የበግ ጠጉር አውድማ ላይ አኖራለሁ፣ ጠሉ በጠጉሩ ላይ ብቻ ሆኖ ምድሩ ደረቅ ከሆነ አውቃለሁ አለ። ሲነጋ ጠጉሩን ጨመቀው፤ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ ውኃ ወጣው። አሁንም አልበቃውም። አትቆጣኝ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ልናገር ብሎ ተቃራኒውን ጠየቀ፤ ጠጉሩ ደረቅ፣ ምድሩ እርጥብ ይሁን።

ለምን ገለበጠው? ሱፍ በተፈጥሮው ጠል ይይዛል። የመጀመሪያው ምልክት እንዲያው በአጋጣሚ ሊሆን ይችላል ብሎ የሚጠራጠር ሰው ሁለተኛውን ይጠይቃል። ጌዴዎን ዝም ብሎ የሚያምን ዓይነት ሰው አይደለም፤ ያጣራል።

ብዙ ሰው ይህን ክፍል ጠቅሶ "ፈቃዱን ለማወቅ ጠጉር ዘርጋ" ይላል። በዚህ አልስማማም። ጌዴዎን የእግዚአብሔርን ፈቃድ አውቆታል። ራሱ "እንደ ተናገርህ" ብሎ ነው ጸሎቱን የጀመረው። የጎደለው እውቀት አይደለም፤ ልብ ነው። እግዚአብሔርም ሁለቱን ሌሊት ታገሠው። አንድ የተግሣጽ ቃል የለም።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ይህን ጠጉር ፀምረ ጌዴዎን ብላ ለእመቤታችን ምሳሌ አድርጋ ታመሰግንበታለች። ጠሉ በጸጥታ እንደ ወረደ፣ ቃልም ወደ ማኅፀኗ ወረደ ይባላል። ሕፃን ሆነው ሰንበት ትምህርት ቤት ያደጉ ብዙዎች ጌዴዎንን ከጦሩ በፊት የሚያውቁት በዚህ ነው። ስሙም በአገራችን ሥር የሰደደ ነው፤ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ሰሜን ተራሮች ላይ የተዋጋው የቤተ እስራኤል መሪ ጌዴዎን ይባል ነበር።

ከ32,000 ወደ 300

የጌዴዎን ሰዎች በሐሮድ ምንጭ አጠገብ ሰፈሩ። ምንጩ ዛሬም በጊልቦዓ ተራራ ግርጌ ይፈልቃል፤ ቦታው ብሔራዊ ፓርክ ሆኗል። ምድያም ከሰሜን በኩል በሞሬ ኮረብታ አጠገብ ነው። መጽሐፉ በኋላ እንደሚቆጥረው የምድያም ወገን 135,000 ነበር። ጌዴዎን የያዘው 32,000። አንድ ለአራት ነው ማለት ይቻላል። በዚህ ላይ "ሕዝቡ በዝቶብሃል" ተባለ።

ምክንያቱ በግልጽ ተነግሯል፤ እስራኤል "እጄ አዳነኝ" ብሎ እንዳይታበይ ነው። የፈራ ይመለስ ተብሎ ታወጀ። ይህ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 20 ያለ የጦር ሕግ ነው፤ የፈሪ ፍርሃት ወደ ጎረቤቱ እንዳይጋባ። 22,000 ሰው ተነሥቶ ሄደ። ከሦስቱ ሁለቱ ማለት ነው። የሚገርመው ግን አዋጁን ያወጀው መሪ ራሱ ፈሪ መሆኑ ነው። በሕጉ መሠረት ከሁሉ በፊት ወደ ቤቱ መሄድ የነበረበት እሱ ነበር። አልሄደም። ይህን ነገር አስቡት፤ ፈሪው መሪ ምንጩ አጠገብ ቆሞ የ22,000 ሰው ጀርባ ያያል።

የቀሩት 10,000 ውኃ ላይ ተፈተኑ። በእጃቸው እየዘገኑ እንደ ውሻ በምላሳቸው የጠጡት 300 ሆኑ። የቀሩት ተንበርክከው ጠጡ። እግዚአብሔር በ300ዎቹ አድናለሁ አለ። ከተሰበሰበው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም።

300ዎቹን ልዩ ኮማንዶ የሚያደርግ ስብከት ሰምታችሁ ይሆናል። ንቁ ስለነበሩ፣ ዓይናቸውን ከጠላት ስላልነቀሉ ተመረጡ ይባላል። መጽሐፉ ይህን አይልም። የሚለው ጦሩ ማነስ ነበረበት ነው። 300ዎቹን የጀግኖች ጀግና ካደረግናቸው እግዚአብሔር "እጄ አዳነኝ" እንዳይሉ ያለውን ነገር ራሳችን መልሰን አስገባነው። ውኃው ላይ የታየው ቁጥሩን መቀነሻ መንገድ ነው፤ ከዚያ በላይ ለማለት ድፍረቱ የለኝም።

የገብስ ቂጣው

ያን ሌሊት የመጣው ቃል በጠቅላላው ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚነካኝ ነው። ተነሣና ወደ ሰፈሩ ውረድ፣ በእጅህ ሰጥቼሃለሁ አለው። ቀጥሎም "ለመውረድ ብትፈራ ከአገልጋይህ ከፉራ ጋር ውረድ" አለው።

ብትፈራ! ጠሉን አይቷል፣ መልአኩ ያቀረበለትን ሥጋና ቂጣ ሲነካ እሳት ከዓለቱ ሲወጣ አይቷል፣ መንፈስ ወርዶበታል። አሁንም ይፈራ ይሆናል ተብሎ መንገድ ተዘጋጅቶለታል። ጌዴዎንስ ምን አደረገ? ፉራን ይዞ ወረደ። አዎ፣ ፈርቻለሁ ማለቱ ነው። ለማስመሰል አልሞከረም።

ሁለቱ በጨለማ ወደ ሰፈሩ ዳር ደረሱ። አንድ ምድያማዊ ለጓደኛው ሕልሙን ሲነግረው ሰሙ። አንድ የገብስ ቂጣ እየተንከባለለ መጣ፣ ድንኳኑን መታው፣ ገለበጠው አለ። ጓደኛውም ይህማ የጌዴዎን ሰይፍ ነው፣ እግዚአብሔር ምድያምን በእጁ ሰጥቶታል አለ። ገብስ የድሃ እህል ነው። ግመል በማይቆጠርበት ሰፈር ውስጥ ድንኳን የሚገለብጠው ቂጣ ሆነ። እነሱም ፈርተው ኖሯል! ጌዴዎን ይህን ሰምቶ እዚያው ሰገደ። ድሉ ገና አልመጣም፤ የጠላት ሰፈር ዳር ላይ ነው ያለው።

የቀረውን ታውቁታላችሁ። 300ውን በሦስት ከፈላቸው። ለእያንዳንዱ ቀንደ መለከት፣ ባዶ ማሰሮ፣ በማሰሮው ውስጥ ችቦ ሰጠ። የሄዱት የመካከለኛው ክፍለ ሌሊት ሲጀምር፣ ዘበኞቹ ገና ሲቀያየሩ ነው። ተረኛው ዓይኑ ጨለማውን አልለመደም፤ የወረደው ወደ ድንኳኑ እየሄደ ነው። መለከቱ ተነፋ፣ ማሰሮው ተሰበረ፣ "የእግዚአብሔርና የጌዴዎን ሰይፍ" ተባለ። በጦር ሠራዊት ውስጥ መለከት የሚነፋው ጥቂት ሰው ነው። 300 መለከት የሰማ ሰው ከኋላው ስንት ሺህ አለ ብሎ እንደሚያስብ አስቡ። እነሱ ግን ከቆሙበት አልተንቀሳቀሱም። በሰፈሩ ውስጥ ሰይፍ እርስ በርሱ ተማዘዘ፤ የተረፈው ወደ ዮርዳኖስ ሸሸ።

ከድሉ በኋላ

አሁን ስብከቱ ወደሚቆምበት ደርሰናል። ወደ ምዕራፍ 8 ስንገባ አንድ ነገር ልብ በሉ። በምዕራፍ 6ና 7 እግዚአብሔር ከጌዴዎን ጋር ደጋግሞ ይነጋገራል። በምዕራፍ 8 አንድም ቃል አይናገረውም። ጌዴዎንም አንድም ነገር አይጠይቀውም። ስሙን ይጠራል፣ በስሙ ይምላል። ጥያቄ ግን የለም። ያ ሁሉ የሚጠይቅ ሰው ዝም አለ።

ጅምሩ ክፉ አልነበረም። የኤፍሬም ሰዎች ለምን ከመጀመሪያው አልጠራኸንም ብለው ሲቆጡት፣ የእናንተ ቃርሚያ ከእኛ መከር ይበልጣል ብሎ በለዘብታ አበረዳቸው። የምድያም መኳንንት ሔሬብና ዜብ በእነሱ እጅ ነበር የሞቱት፤ ክብሩን አልነሣቸውም። ጥሩ የመሪ አንደበት ነው።

ከዚያ ዮርዳኖስን ተሻገረ። 300ው ደክመዋል፣ ግን ያሳድዳሉ። በሱኮት እንጀራ ለመነ። አለቆቹ ነገሥታቱን ሳትይዝ ለምን እንመግብሃለን አሉት። ጵኒኤልም እንደዚያው መለሰችለት። ፈሩ እንጂ ሌላ ምን ነው? ምድያም ተመልሶ ቢመጣ የሚቀጣው እነሱን ነው። ከጥቂት ቀን በፊት መጥመቂያ ውስጥ ተደብቆ የነበረ ሰው ይህን ፍርሃት ከማንም በላይ ያውቀዋል። እሱ ግን ስመለስ ሥጋችሁን በእሾህ እገርፋለሁ አለ። አደረገውም። አንድ የሱኮት ጎልማሳ ይዞ የ77 ሽማግሌዎችን ስም አስጻፈ፤ በምድረ በዳ እሾህና ኩርንችት ቀጣቸው። የጵኒኤልን ግንብ አፍርሶ የከተማይቱን ሰዎች ገደለ። እነዚህ የገዛ ወገኖቹ ናቸው።

ነገሥታቱ ዛብሄልና ስልማና ቀርቀር በሚባል ቦታ ተያዙ። እዚህ ላይ አንድ አዲስ ነገር እንሰማለን። በታቦር የገደላችኋቸው ሰዎች እንዴት ያሉ ነበሩ ብሎ ጠየቃቸው። የእናቱ ልጆች፣ ወንድሞቹ ኖረዋል። ብትተዋቸው ኖሮ አልገድላችሁም ነበር አለ። እስራኤልን ለማዳን የተጀመረ ጦርነት ወደ ወንድሞቹ ደም ዞሯል። ያዘነ ሰው ነው፤ አልፈርድበትም። ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ለማንበብ ይከብደኛል። በኵሩን ዬቴርን ተነሥና ግደላቸው አለው። ልጁ ሰይፉን አልመዘዘም። ገና ብላቴና ነበርና ፈራ ይላል።

ጌዴዎን ሲፈራ አገልጋይ ተጨመረለት፣ ሌሊት ተፈቀደለት፣ ጠጉሩ ሁለቴ ተዘረጋለት። ዬቴር ሲፈራ ነገሥታቱ ተሳለቁ፤ አባቱም ተነሥቶ ራሱ ገደላቸው። ለልጁ የተናገረው ቃል አልተጻፈም።

ወርቁ

ሕዝቡ አንተ ግዛን፣ ልጅህም፣ የልጅ ልጅህም ይግዛን አሉት። መልሱ በመጽሐፈ መሳፍንት ውስጥ ካሉት ንግግሮች ሁሉ ትልቁ ይመስለኛል፤ "እኔ አልገዛችሁም፥ ልጄም አይገዛችሁም፤ እግዚአብሔር ይገዛችኋል።" ከልቡ እንደተናገረው አምናለሁ።

ግን ንግግሩን እዚያ አልጨረሰም። አንድ ነገር ልለምናችሁ፣ ከምርኮው የጆሮ ጉትቻችሁን ስጡኝ አለ። ልብስ ተነጠፈ፤ ሰው ሁሉ ጣለበት። 1,700 ሰቅል ወርቅ ሆነ። በዛሬ ሚዛን ከ19 ኪሎ ይበልጣል። ጌጣ ጌጡ፣ የነገሥታቱ ቀይ ልብስና በግመሎቹ አንገት የነበረው ሳይቆጠር ነው። ከወርቁ ኤፉድ ሠርቶ በከተማው በዖፍራ አኖረው። ኤፉድ የካህኑ ልብስ ነው፤ የእግዚአብሔር ፈቃድ የሚጠየቅበት። ምናልባት ጌዴዎን ያን የጠፋበትን ድምፅ ሊመልስ ፈልጎ ይሆናል። ክፉ አስቦ ይመስለኛል ለማለት ይከብደኛል። ግን ይህን ሥራ ብሎ ያዘዘው የለም፤ እሱም ልሥራ ወይ ብሎ አልጠየቀም። እስራኤል ሁሉ ተከትሎት አመነዘረ፤ ለጌዴዎንና ለቤቱም ወጥመድ ሆነ ይላል። በአንድ ሌሊት መሠዊያ የፈረሰበት ግቢ ሌላ የሚመለክ ዕቃ ገባበት። ያኔ ያፈረሰው ፈሪው ጌዴዎን ነው፤ አሁን ያቆመው ድል አድራጊው ነው።

ልጁ

ምድሪቱ በጌዴዎን ዘመን 40 ዓመት ዐረፈች። ይህ ሐቅ ነው፤ ማንም ሊቀንስበት አይችልም። የሚዘራ ሰው የዘራውን በላ። ብዙ ሚስቶች አገባ፣ 70 ወንዶች ልጆች ወለደ፣ ከሴኬም ቁባቱም አቤሜሌክን ወለደ። ሸምግሎ ሞተ፣ በአባቱ በኢዮአስ መቃብር ተቀበረ። ሕዝቡ ወዲያው ወደ በኣል ተመለሰ።

አቤሜሌክ የዚህ ጉዳይ ሁለተኛ ገጽ ነው። አባቱ ተጠርቶ አይሆንልኝም ብሎ ነበር። እሱን ግን ማንም አልጠራውም። ወደ እናቱ ዘመዶች ሄዶ 70 ሰው ቢገዛችሁ ይሻላል ወይስ አንድ ሰው ብሎ ራሱን መረጠ። ከበኣል ብሪት ቤት 70 ብር ተሰጠው። በዚያ ብር ወሮበሎች ቀጥሮ ወንድሞቹን በአንድ ድንጋይ ላይ አረዳቸው። ያመለጠው ታናሹ ኢዮአታም ብቻ ነው። ኢዮአታም በገሪዛን ተራራ ራስ ላይ ቆሞ ለሴኬም ሰዎች ጮኸ፤ አባቴ ስለ እናንተ ነፍሱን አሳልፎ ሰጥቶ ተዋጋ፣ እናንተ ግን በቤቱ ላይ ተነሣችሁ አላቸው።

አቤሜሌክ የነገሠው 3 ዓመት ነው። ከዚያ የሴኬም ሰዎች ከዱት፤ እሱም ከተማቸውን አፍርሶ ጨው ዘራባት። ቴቤስ የምትባል ከተማ ሲከብብ አንዲት ሴት ከግንብ ላይ የወፍጮ መጅ ጣለችበት፣ አናቱን ሰበረችው። ሴት ገደለችው እንዳይሉኝ ብሎ ጋሻ ጃግሬውን ውጋኝ አለው፤ ወጋውና ሞተ። የእስራኤል ሰዎችም መሞቱን ሲያዩ እያንዳንዳቸው ወደ ስፍራቸው ሄዱ።